የአሻንጉሊት ቤት የሚጠግን እጅ

በአምስተርዳሙ ራይክስሙዚየም ቁመቱ ከሁለት ሜትር ተኩል የሚያልፍ አንድ ቁም ሣጥን አለ። ሲከፈት የሚታየው ልብስ ሳይሆን ሙሉ የባለጸጋ ቤት ነው፤ ሳሎኑ፣ ማድ ቤቱ፣ የሕፃናት ክፍሉ ሳይቀር። ፔትሮኔላ ኦርትማን የተባለች ሀብታም ሴት እ.ኤ.አ. ከ1686 እስከ 1710 ባለው ጊዜ ያሠራችው የአሻንጉሊት ቤት ነው። የልጅ መጫወቻ ግን አልነበረም። ጥቃቅኑን የሸክላ ዕቃ ከቻይና ድረስ አዝዛ ነው ያስመጣችው።

እንዲህ ያለውን ቤት ማን ይጠግነዋል? የቅርስ ጥገና ተማሪ በመጨረሻ ወረቀት፣ ጨርቅ፣ ሥዕል ወይም ብረታ ብረት ብሎ አንዱን ይመርጣል። በአሜሪካ የዴላዌር ዩኒቨርሲቲና የዊንተርቱር ሙዚየም በ1974 በጋራ በጀመሩት ትምህርት ተማሪው ኦርጋኒክ ኬሚስትሪን ሳያውቅ አይገባም፤ በመጀመሪያው ዓመት ሁሉንም የቁስ ዓይነት ያዳርሳል፤ ከዚያ በኋላ ነው አንዱን ይዞ የሚቀጥለው። የአሻንጉሊት ቤት ይህን ክፍፍል አያውቅም። ሐር፣ ወረቀት፣ ብር፣ የዝሆን ጥርስ፣ ሰምና እንጨት በአንዲት የስንዝር ክፍል ውስጥ አብረው ይኖራሉ። ለዚህ ሙያ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት ያለ አይመስለኝም።

አብሮ መኖሩ ራሱ ጣጣ ነውና። ብረት ደረቅ አየር ይወዳል፤ እንጨትና የዝሆን ጥርስ በደረቅ አየር ይሰነጠቃሉ። ለሁሉም የሚስማማ አየር ስለሌለ ባለሙያው ሁሉም የሚችሉትን አማካይ ይፈልጋል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ አንዱ ዕቃ ሌላውን መጉዳቱ ነው። የኦክ እንጨት ኮምጣጤን ኮምጣጣ የሚያደርገውን አሴቲክ አሲድ በትነት መልክ ይለቃል። በሰፊ ክፍል ትነቱ ተበትኖ ይጠፋል፤ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ግን ይጠራቀማል። ከእርሳስ የተሠሩት ሳህኖችና መቅረዞችም ቀስ በቀስ ነጭ ዱቄት ይሆናሉ። የኋለኛው ዘመን አሻንጉሊት ከሴሉሎይድ የተሠራ ከሆነ ሲያረጅ የናይትሮጅን ኦክሳይድ ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ ከአየሩ እርጥበት ጋር ሲገናኝ ናይትሪክ አሲድ ይፈጥርና አጠገቡ ያለውን ብረት ይበላል። እንዲህ ያለው አሻንጉሊት ከቤተሰቡ ተለይቶ ለብቻው ይቀመጣል።

ስለዚህ ሠልጣኙ አዲስ የማሳያ ሣጥን ከመሥራቱ በፊት የሣጥኑን እንጨት፣ ቀለምና ሙጫ መፈተን ይማራል። አንድሩ ኦዲ በብሪቲሽ ሙዚየም የጀመረው ፈተና ቀላል ነው፦ የሚፈተነው ቁስ ከብር፣ ከመዳብና ከእርሳስ ቁራጭ ጋር በጠርሙስ ይታሸግና በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀትና በከፍተኛ እርጥበት 28 ቀን ይቆያል። ብረቶቹ ከጠቆሩ ወይም ከዛጉ ያ ቁስ ወደ ሙዚየሙ አይገባም።

ከዚያ የእጅ ሥራው ይመጣል። ብዙ የአሻንጉሊት ቤቶች የእውነተኛውን ቤት አንድ አሥራ ሁለተኛ ያክላሉ፤ በዚህ ልኬት የአንድ ሚሊሜትር ስህተት በትልቁ ቤት ከአንድ ሴንቲሜትር በላይ መሆኑ ነው። ሥራው በማይክሮስኮፕ ሥር፣ በወረንጦና በቀጭን ብሩሽ ይሠራል። አንዳንዱን እድፍ ለማስለቀቅ በምራቅ የራሰ ጥጥ ይበቃል፤ በምራቅ ውስጥ ያለው አሚሌዝ የተባለ ኢንዛይም ቆሻሻውን ይፈታዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን አለመንካትን መማር ነው። ፍራንሲስ ግሌስነር ሊ በ1940ዎቹ ለፖሊስ መርማሪዎች ማሠልጠኛ የወንጀል ሥፍራዎችን በአሻንጉሊት ቤት መልክ ሠራች። የአሻንጉሊቶቹን ካልሲ በስፒል የሠራችው ራሷ ናት፤ የአስከሬኖቹንም ቆዳ ሰውየው ከሞተ የቆየበትን ጊዜ እንዲያሳይ አድርጋ ቀብታዋለች። በ2017 በዋሽንግተን ሬንዊክ ጋለሪ 19ኙ ከመታየታቸው በፊት ሲጠገኑ ከባዱ ጥያቄ ይኸው ነበር፦ ወለሉ ላይ ያለው ጠብታ የዘመን እድፍ ነው ወይስ እሷ ሆን ብላ ያስቀመጠችው ፍንጭ? የወደቀው ወንበር በአጋጣሚ ወደቀ ወይስ እንዲያ ተደርጎ ተሠራ? መርማሪዎች ዛሬም ስለሚሠለጥኑባቸው መልሶቹ ለሕዝብ አልተገለጡም፤ ያለ ማስረጃ ቀና የተደረገ ወንበር ፍርድ ያዛባል። ባለሙያዎቹ የቆዩትን የሚያግሉ አምፖሎች በኤልኢዲ ቢተኩም ብርሃኑ የቀድሞውን ቀለም እንዲመስል መልሰው አስተካክለውታል፤ የመብራቱ አኳኋንም የምስክርነቱ አካል ነበርና።