ምስክር የሌለውን ቀን አታርሙ

የመሥሪያ ቤቶችን አሮጌ ኢሜይል ከተቀመጠበት አውጥቶ ወደ አዲስ ሰርቨር ማዛወር የዘወትር ሥራዬ ነው። ከፋይሎቹ ብዛት ይልቅ ጊዜዬን የሚወስደው የቀናቸው መዛባት ነው። የውል ድርድር ወይም የግዥ ትዕዛዝ በቅደም ተከተሉ ካልተነበበ ማን ቀድሞ ምን እንዳለ አይታወቅም፤ ነገሩ ወደ ክርክር ሲያመራ ደግሞ ጉዳቱ የከፋ ነው።

እያንዳንዱ ኢሜይል አናቱ ላይ «ዴት» የሚባል መስመር አለው። ይህን መስመር የሚጽፈው አብዛኛውን ጊዜ የላኪው ኮምፒውተር ነው፤ የኮምፒውተሩ ሰዓት ከተሳሳተ የመልእክቱም ቀን ይሳሳታል። የማዘርቦርዱ ባትሪ ካለቀ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ቀኑ ወደ ፋብሪካው መነሻ ይመለሳል። በአገራችን ሌላም ምክንያት አለ፤ የኮምፒውተሩን ቀንና ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሙላት።

ግንቦት 6 ቀን 2004 ከጧቱ 3 ሰዓት ከ10 ላይ የተላከ መልእክት እንውሰድ። ቀኑ 6/9/2004፣ ሰዓቱም 3:10 ተብሎ የተሞላ ኮምፒውተር ይህን የሚረዳው በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 6 ቀን 2004፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ10 ብሎ ነው። ትክክለኛው ሜይ 14 ቀን 2012 ነበር። ሁለቱም ቀኖች ሰኞ ይውላሉ፤ ስለዚህ የዕለቱን ስም አይቶ ስህተቱን መያዝ እንኳ አይቻልም።

«በሁሉም ላይ 7 ዓመት ከ8 ወር ጨምርበትና ይቃናል» የሚሉኝ አሉ። አይቃናም። የእኛ ወር 30 ቀን ነው፣ የፈረንጆቹ ይለያያል፤ ጳጉሜንን ኮምፒውተሩ ጨርሶ አያውቃትም። ባትሪው ያለቀ ማሽን የላከውና በእኛ አቆጣጠር የተሞላው የላከው ደግሞ በአንድ ፎልደር ተደባልቀው ይገኛሉ።

መፍትሔው ከራሱ ከፋይሉ ይገኛል። መልእክቱ ያለፈባቸው ሰርቨሮች እያንዳንዳቸው «ሪሲቭድ» የሚል መስመር ከላይ ይጨምራሉ፤ የመጨረሻው ተቀባይ የጻፈው አናቱ ላይ ይሆናል። የታችኞቹን ላኪው ሊፈጥራቸው ስለሚችል እኔ የማምነው የራሳችን ሰርቨር የጻፈውን፣ የላይኛውን ነው። መልእክቶቹ ሜይልዲር በተባለው አቀማመጥ ከተቀመጡ ሁለተኛ ምስክር አለ። የፋይሉ ስም የሚጀምረው ከጃንዩዋሪ 1 ቀን 1970 ወዲህ በተቆጠሩ ሰከንዶች ነው። የዚያ የግንቦት 6 መልእክት ፋይል በ1336975920 ይጀምራል፤ ሲሰላ ሜይ 14 ቀን 2012 ከጧቱ 3 ሰዓት ከ12 ይሆናል። ከተላከ 2 ደቂቃ በኋላ መድረሱ ነው። ሁለቱ ምስክሮች ከተስማሙ አርማለሁ።

እርማቱን የምሠራበት የሼል ስክሪፕት አጭር ነው፤ ጥንቃቄው ግን ብዙ ነው። የሪሲቭድ መስመር ረጅም ስለሆነ ይታጠፋል፤ ቀኑም ከሴሚኮሎን በኋላ መጨረሻው ላይ ነው። በግሬፕ አንድ መስመር ብቻ ያነሳ ሰው ቀኑን ትቶት ይሄዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ፎርሜይል በተባለው ፕሮግራም እጥፉን እዘረጋለሁ። በሴድ የሚሠራ ሰው ደግሞ እርማቱን ከመጀመሪያው ባዶ መስመር በላይ መገደብ አለበት፤ አለበለዚያ አባሪ ሆኖ የመጣውን የሌላ ኢሜይል ቀን አብሮ ይለውጣል። በዴትና በሪሲቭድ ቀኖች መካከል ያለው ልዩነት ከ5 ቀን በታች ከሆነ አልነካውም፤ ሰርቨሮች ያልደረሰ መልእክት ለቀናት ይዘው ደጋግመው ስለሚሞክሩ መዘግየቱ እውነተኛ ሊሆን ይችላል። በመጨረሻም የፋይሉን የራሱን ጊዜ «ታች» በተባለው ትእዛዝ አስተካክላለሁ፤ እንደ ዶቭኮት ያሉ ሰርቨሮች መልእክቱ የደረሰበትን ቀን ከዚያ ያነባሉና።

የተላኩ መልእክቶች ቅጂ ግን ብዙ ጊዜ ሪሲቭድ የለውም። ተቀባዩ መልስ ጽፎ ከሆነ የመልሱ ቀን ቢያንስ «ከዚህ በፊት ተልኳል» ለማለት ያስችላል። ያም ከሌለ ቀኑን እንዳለ ትቼ መልእክቱን ባልታረሙት ዝርዝር ውስጥ አሰፍረዋለሁ። ሥራ አስኪያጆች ይህን አይወዱትም፤ ሁሉም መልእክት ቀን እንዲኖረው ይፈልጋሉ። እኔ ደግሞ የገመትኩትን ቀን በሰው ደብዳቤ ላይ መጻፍን ከሐሰት ለይቼ አላየውም።

የሒሳብ ሠራተኛ የተሳሳተውን ቁጥር በአንድ መስመር ሰርዞ ትክክለኛውን አጠገቡ እንደሚጽፍ፣ የተሳሳተውም ቀን መጥፋት የለበትም። ፎርሜይል በትንሹ «አይ» ሲታዘዝ የቀድሞውን ቀን «ኦልድ ዴት» በሚል ስም ያስቀራል። ዲኪም የተባለው ዲጂታል ፊርማ አብዛኛውን ጊዜ የቀኑን መስመር ስለሚያካትት እርማቱ ፊርማውን ያፈርሰዋል። ስለዚህ የማርመው ቅጂውን ነው። ዋናው ፋይል ከነስህተቱ፣ የሻ 256 አሻራው ተመዝግቦ፣ ማንም እንዳይጽፍበት ተቆልፎ ይቀመጣል።

ይህን ሥራ የምትሠሩ ወጣት ባለሙያዎች፣ ስክሪፕታችሁን ከመልቀቃችሁ በፊት ሁለት ነገር አረጋግጡ፦ ለእያንዳንዱ እርማት ምስክር አላችሁ ወይ? ዋናው ፋይልስ ሳይነካ አለ? ከሁለቱ አንዱ እንኳ ከጎደለ ቀኑን አትንኩት።