የእጅ ፍሬን እያለ ድንጋይ ለምን አስፈለገ?

ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ የመጣን ሠልጣኞች ሁላችንም የምናውቀው ነገር አለ። ንፋስ መውጫ ዳገት ላይ የጭነት መኪና በቆመ ቁጥር ረዳቱ ዘሎ ይወርድና ትልቅ ድንጋይ ከጎማው ሥር ይወሽቃል። ልጆች ሳለን «የእጅ ፍሬን የለውም እንዴ?» ብለን ጠይቀን ተስቆብናል። አንድ የገበያ ቀን ግን ድንጋይ ያልተደረገለት መኪና ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ። ከኋላው ጥላ ሥር የተቀመጡት እናቶች ለጥቂት ተረፉ። ምክንያቱን የተረዳነው ፊዚክስ ስንማር ነው።

እንደሚታወቀው ወረታ ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ ንፋስ መውጫ ግን 3000 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ የወረታ - ወልድያ መንገድ ዳገትና ቁልቁለት ይበዛዋል። መንገዱ በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር የሚወርድ ቢሆን፣ ከነጭነቱ 10 ቶን የሚመዝን መኪና ወደ ታች የሚሳበው 800 ኪሎ በሚያህል ኃይል ነው። 8 ኩንታል እህል ማለት ነው! ሹፌሩ ወርዶ ሲሄድ ይህን ሁሉ የሚይዘው የእጅ ፍሬን ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በብዙዎቹ ትናንሽ መኪናዎች ላይ እጀታው ሲሳብ የብረት ካቦ ይወጠርና የኋላ ጎማዎችን ፍሬን ያጠብቃል። የእግር ፍሬን ዘይት ቢያልቅ እንኳ ይሠራል። በአየር ፍሬን በሚሠሩ ትላልቅ መኪናዎች ላይ ደግሞ የሚይዘው ጠንካራ ሞላ ነው፤ አየሩ ሲለቀቅ ሞላው ፍሬኑን ያጣብቀዋል። ይሁን እንጂ ካቦ ይላላል፣ የፍሬን ሸራም ያልቃል። እንግዲህ ድንጋዩ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ስለሆነም ዳገት ላይ ሲቆም መጀመሪያ የእግር ፍሬን ረግጦ የእጁን አጥብቆ መሳብ፣ ሞተሩን አጥፍቶ ማርሽ ማስገባት ይገባል። ፊቱ ወደ ላይ ከሆነ አንደኛ፣ ወደ ታች ከሆነ የኋላ ማርሽ ነው። ከዚያም ታኮ ወይም ድንጋይ ይደረጋል። ሲነሱ ድንጋዩን ከመንገድ ማንሳት ግድ ነው፤ የተተወ ድንጋይ በሌሊት የሌላውን ሰው ሕይወት ያጠፋልና።

ትንሽ መኪና ቁልቁለት ላይ የእግር ፍሬን እምቢ ቢለውስ? የእጅ ፍሬንን በአንዴ መንጭቆ መሳብ አደገኛ ነው፤ የኋላ ጎማዎች ይደርቁና መኪናው ይዞራል። ሞተሩ ሳይጠፋ ፔዳሉን ደጋግሞ መርገጥ፣ ማርሽ አንድ በአንድ መቀነስ፣ የእጀታውን ቁልፍ እንደተጫኑ ቀስ በቀስ መሳብ፣ ጎማው ሲንሸራተት ለቀቅ ማድረግ ይሻላል። ከሁሉም የሚበልጠው ግን አስቀድሞ በከባድ ማርሽ መውረድ ነው። ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ በዜሮ ማርሽ የሚወርድ ሰው ሸክሙን ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይጥለዋል፤ ሸራው ሲግል ደግሞ መያዝ ይሳነዋል።

እኛ ሹፌሮች አይደለንም፤ ይህን ለምን እንጽፋለን? ነገ በየገጠሩ የምናስተምራቸው ልጆች ከቆመ መኪና ኋላ የሚጫወቱ፣ ጋቢና ገብተው እጀታ የሚነካኩ ናቸው። ስለ ኃይል ስናስተምር የ8ቱን ኩንታል ነገር እንንገራቸው። ከቆመ መኪና በታች በኩል መቀመጥ እንደማይገባም አብረን እናስተምራቸው።