የፕሮግራም ፊርማ

አንድ ባለሙያ ወራት የደከመበትን የሂሳብ ፕሮግራም ደንበኛው ከኢንተርኔት አውርዶ ሲከፍተው ዊንዶውስ ሰማያዊ ሳጥን ደቅኖ የማላውቀው ፕሮግራም ነው ብሎ ያቆመዋል። ያቆመው ስማርትስክሪን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ከዊንዶውስ 8 ጋር የመጣ ጠባቂ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ብዙ ፕሮግራመሮች ለደንበኛው «ማስጠንቀቂያውን እለፈውና ክፈተው» ይሉታል። ከዚህ የከፋ ምክር የለም፤ ነገ ሌባ የላከውን ፋይልም በዚያው እጁ እንዲከፍት ያለማምደዋል።

ትክክለኛው መንገድ ፕሮግራሙን መፈረም ነው። ፋይሉ በሒሳብ ቀመር ተሰልቶ ብዙውን ጊዜ 256 ቢት የሆነ አሻራ ይወጣለታል፤ በውስጡ አንዲት ፊደል ብትለወጥ አሻራው ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። ባለቤቱ አሻራውን በምስጢር ቁልፉ ይፈርመዋል። እንደ ዲጂሰርት ያለ ድርጅት ደግሞ ማንነቱን አጣርቶ የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። ኮምፒውተሩ ይህን ሁሉ በቅጽበት ያመሳክራል። ሆኖም አዲስ ፈራሚ ስሙ እስኪታወቅ ድረስ ማስጠንቀቂያው ሊቀጥል ይችላል። ለአነስተኛ ድርጅት ይህ ከባድ ነው፤ የወረቀቱን ዋጋ ከፍሎም ይጠብቃል።

ፊርማው የሚመሰክረው ፕሮግራሙ ከማን እንደመጣና ከተፈረመ በኋላ እንዳልተነካ ነው እንጂ ጉዳት የሌለው መሆኑን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታወቀው ስታክስኔት የተባለ ተንኮለኛ ፕሮግራም ከሪልቴክና ከጄማይክሮን ኩባንያዎች በተሰረቁ ቁልፎች ተፈርሞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ሰርጎ ገቦች በሲክሊነር ፕሮግራም ውስጥ ተንኮል ሸጉጠው በኩባንያው እውነተኛ ፊርማ ከ2 ሚሊዮን በላይ ኮምፒውተሮች ላይ አደረሱት። ቁልፍ እንዳይሰረቅ ሲባል ከጁን 2023 ጀምሮ በደኅንነት መሣሪያ ውስጥ እንዲቀመጥ ግዴታ ሆኗል፤ ኮምፒውተር ላይ በተራ ፋይል መያዝ ቀርቷል።

ባንክና መንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ግን ሠራተኛው ምንም ነገር የመጫን ፈቃድ ላይኖረው ይችላል። ፕሮግራሙን በተጠቃሚው የግል ማኅደር ውስጥ የሚጭኑ አሉ፤ የአስተዳዳሪ ፈቃድ አይጠይቅም። ነገር ግን አፕሎከርን የመሰለ መቆጣጠሪያ ይህንንም ሊዘጋው ይችላል፤ ደግሞም ከአይቲ ክፍል ተደብቆ መግባት በራሱ ጥርጣሬ ያስነሳል። እኔ የምመርጠው የተፈረመውን የኤምኤስአይ መጫኛ ፋይል ከነአሻራው አስቀድሞ ለአይቲ ክፍል መስጠት ነው። እነሱ መርምረው ለሁሉም ኮምፒውተሮች በአንድ ጊዜ ያሰራጩታል። ሲፈረም የጊዜ ማረጋገጫ ከተጨመረበት ደግሞ የምስክር ወረቀቱ ጊዜ ቢያልፍም የዚያ ፋይል ፊርማ እንደጸና ይቆያል።