የበዓል ሌሊት፣ ልጆቻችንና የደጃችን ውሻ

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይላሉ አባቶቻችን። አባባሉ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ለሰው ነው፤ እኛ ግን በዛሬው ጽሑፋችን ስለ ውሻው ራሱ ልንናገር አስበናል። በበላበት ቤት ደጅ ሆኖ መጮኽ ሥራው የሆነው ይህ ታማኝ ዘበኛ፣ እኛ የምንደሰትባቸው የበዓል ሌሊቶች ለእርሱ የጭንቀት ሌሊቶች መሆናቸውን ብዙዎቻችን አናስተውልም።

ከባኮ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በሲሬ ከተማ፣ እንደ ሌሎቹም የአገራችን ከተሞች፣ ነሐሴ 12 ቀን ሲመሽ የቡሄ ችቦ ይበራል፤ ጅራፍ ይጮኻል፤ ልጆች በትራቸውን እየመቱ «ሆያ ሆዬ» በማለት ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ፤ ሙልሙልም ይቀበላሉ። ከዚያ በኋላ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ቀጥሎም መስከረም 16 ቀን ደመራ ይመጣል። በወለጋ የኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ ይህ የመስቀል ዋዜማ የችቦ በዓል ጉባ ይባላል። እንግዲህ ከቡሄ እስከ መስቀል ባሉት ወደ 40 በሚጠጉ ቀናት ውስጥ፣ በሌላው ጊዜ ጸጥ የሚለው ደጅ በእሳት፣ በጩኸትና በማያውቃቸው እግሮች ይሞላል።

የውሻ ጆሮ ከሰው ጆሮ እጅግ የበለጠ ይሰማል። ስለዚህ ለእኛ ጨዋታ የሆነው የጅራፍ ድምፅ ለእርሱ ድንጋጤ ነው። ጅራቱን በእግሮቹ መካከል የሸጎጠ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ያጠፈና የሚንቀጠቀጥ ውሻ ፈርቷል ማለት ነው፤ የፈራ ውሻም፣ ክፉ ባይሆን እንኳ፣ ይነክሳል።

አንድ የአሥር ዓመት ልጅ እንውሰድ። ከጓደኞቹ ጋር እየዘፈነ ወደ ጎረቤት ግቢ ሲገባ ውሻው ባቱን ነከሰው እንበል። ቁስሉ ትንሽ ነው። ልጁም በማታ እንዳይወጣ ተከልክሎ ስለ ነበር እናቱ እንዳትቆጣው ይፈራል፤ ደግሞም ሙልሙል የሰጡትን ጎረቤት ማሳጣት አይወድም። ስለዚህ ሱሪውን ዝቅ አድርጎ ዝም ይላል። ቁስሉ ይደርቃል፤ ነገሩም ይረሳል። ውሻው የእብድ ውሻ በሽታ ይዞት ከነበረ ግን፣ በሽታው በልጁ ሰውነት ውስጥ ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ተደብቆ ይቆያል። ኅዳር ሲታጠን፣ ሰው ሁሉ የግቢውን ጉድፍ በሚያቃጥልበት ሰሞን፣ ልጁን ትኩሳት ይይዘዋል፤ የዳነው ጠባሳ ይነዝረዋል፤ ውኃ መጠጣትም ያስፈራዋል። ይህ ምልክት አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ በሽታው ሊድን አይችልም ማለት ይቻላል። ለልጁ ሞት ከንክሻው ይልቅ ዝምታው ምክንያት ይሆናል ማለታችን ስለዚህ ነው።

ነገር ግን በጊዜው ለተናገረ ሰው መድኃኒቱ ከተገኘ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1885 ዓመተ ምሕረት፣ ያበደ ውሻ የነከሰውን የ9 ዓመት ልጅ ዮሴፍ ማይስተርን በክትባት አድኖታል። የበሽታው ተሕዋስ በነርቭ መንገድ ቀስ እያለ ወደ አንጎል ስለሚጓዝ፣ ክትባቱ ቀድሞት ሊደርስ ይችላል። ፓስተር ያረፈበት ዕለት፣ ሴፕቴምበር 28፣ የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ሆኖ ይታሰባል። ይህም ዕለት በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 18፣ የመስቀል ማግስት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በሽታው በየዓመቱ ወደ 59,000 የሚጠጉ ሰዎችን ይገድላል፤ ባበዱ ውሾች ሳይነከሱ አልቀሩም ተብለው ከሚገመቱትም ከመቶ 40 ያህሉ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው።

ይህ ጥንቃቄ የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ አገር ሃሎዊን በሚባለው በዓል፣ ይኸውም በእኛ ጥቅምት 21 ቀን አካባቢ፣ ልጆች ልዩ ልዩ ልብስ ለብሰው ጣፋጭ ለመቀበል ከደጅ ወደ ደጅ ይዞራሉ። የዚያ አገር የእንስሳት ሐኪሞችም በዚያች ሌሊት ውሻና ድመት ጸጥ ባለ ክፍል እንዲዘጋባቸው፣ ለውሻ መርዝ የሆነው ቸኮላትም እንዲርቅ ይመክራሉ። በዓሉ ሌላ ቢሆንም ምክሩ ለእኛም ይሠራል።

ስለዚህ ባለ ውሾች ሁሉ የሚከተለውን እንዲያደርጉ እናሳስባለን። አንደኛ፣ ውሻችሁንና ድመታችሁን ከበዓሉ አስቀድማችሁ በእንስሳት ሕክምና ጣቢያ አስከትቡ። ሁለተኛ፣ ከመምሸቱ በፊት ውሻውን አብልታችሁና አጠጥታችሁ ከደጅ ራቅ ባለ ክፍል አስገቡት፤ ችቦና ደመራ በሚነድበት አጠገብ ፈጽሞ አትሰሩት። ሦስተኛ፣ ልጆቹ ወደ ግቢ እስኪገቡ ሳትጠብቁ ሙልሙሉን ይዛችሁ ወደ በሩ ውጡ። አራተኛ፣ ያልተጋገረ ሊጥ በሆዱ ውስጥ ስለሚቦካ፣ የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ደሙን ስለሚጎዳ፣ የበሰለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥሮ አንጀት ስለሚወጋ ለውሻ አትስጡ። አምስተኛ፣ ለመስቀል በሬ ስታርዱ ውኃ የቋጠረ እብጠት የታየበትን ሳንባና ጉበት ለውሻ አትጣሉለት፤ በጥልቅ ጉድጓድ ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። በእብጠቱ ውስጥ ያለው ትል በውሻው አንጀት አድጎ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፤ እጁን ሳይታጠብ የሚበላ ልጅም ይህንኑ እብጠት በራሱ ጉበት ይሸከማል።

ልጆችም ውሻ ሲመጣባቸው እንዳይሮጡ፣ እንደ ዛፍ ቀጥ ብለው እንዲቆሙና ዓይን ዓይኑን እንዳያዩት፣ የሚበላን ወይም ቡችሎች ያሏትን ውሻ እንዳይነኩ ማስተማር ይገባል።

ንክሻ ከደረሰ ግን ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በብዙ ውኃ 15 ደቂቃ ሙሉ ማጠብ ያስፈልጋል። ቡና፣ አመድ ወይም ቅቤ መጨመር አይገባም። ከዚያም በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድና የታዘዘውን ክትባት እስከ መጨረሻው መፈጸም ግዴታ ነው። የባሕል መድኃኒት እየሞከሩ ቀን ማሳለፍ ክትባቱ የሚያድንበትን ጊዜ ያባክናል። ውሻውም ጤነኛ መስሎ ከታየ በንዴት አይገደል፤ ለ10 ቀን ታስሮ በእንስሳት ሐኪም ይጠበቅ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ጠባዩ ከተለወጠ፣ ለሀጩ ከተዝረከረከ ወይም መዋጥ ካቃተው ለሐኪሙ ወዲያው ይነገር።

በመጨረሻም ለመምህራን አንድ አደራ አለን። ትምህርት በሚጀመርበት በመስከረም ወር፣ ከመስቀልም ማግስት፣ ተማሪዎቻችሁን «ውሻ የነከሰው ወይም የቧጨረው አለን?» ብላችሁ በለዘበ አንደበት ጠይቁ። በክፍል ፊት መናገር የሚያፍረውን ለብቻው ጥሩት። የተናገረውን ልጅ አትቆጡት፤ አመስግኑትና ከወላጆቹ ጋር ወደ ጤና ጣቢያ ላኩት፤ ቀናት አልፈው ቢሆንም ዘገየ ብላችሁ አትተዉት። ወላጆችም እንዲሁ፣ ልጃችሁ በማታ በመውጣቱ የሚገባውን ተግሣጽ ለሌላ ቀን አቆዩለት። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ዛሬ የሚጠየቅ አንድ ጥያቄ ኅዳር ላይ ሊደርስ የሚችለውን ሐዘን ያስቀራል። ችቦው ይብራ፣ ሙልሙሉም ይታደል፤ ልጁም ውሻውም በደኅና ይደሩ።