ሽንት መቋጠርና የመምህርነት ሥራ

ለማስተማር ልምምድ ወጥተን የተመለስን ሠልጣኞች አንድ ነገር ልብ ሳንል አልቀረንም። የጠዋቱ ደወል ከተደወለ እስከ ምሳ ሰዓት ሽንት ቤት አንሄድም። መጸዳጃው ሩቅ ነው፤ ክፍሉን ጥሎ መውጣትም ያስፈራል። ብልኃት ያገኘን መስሎን ደግሞ ውሃ መጠጣት እንተዋለን። «ካልጠጣሁ አይመጣም» ነው ነገሩ።

የአዋቂ ሰው ፊኛ ከ400 እስከ 600 ሚሊ ሊትር ያህል ሽንት ይይዛል። ጤነኛ ሰው በቀን ከ4 እስከ 8 ጊዜ ይሸናል። አንድ ቀን ስብሰባ ረዝሞብን ብንቋጥር ጉዳት የለውም። በየቀኑ ለሰዓታት ሲሆን ግን ፊኛው ከመጠን በላይ እየተለጠጠ ይሄዳል፤ ሲሸናም ሙጥጥ ብሎ አይወጣም። በቀረው ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ ይራባል። የሴቶች የሽንት ቧንቧ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ባክቴሪያው ፊኛ ለመድረስ ሩቅ መንገድ የለበትም። ሲሸና የሚያቃጥለው፣ ደም የሚያይ ወይም ትኩሳትና የጎን ሕመም ያለበት ሰው ክሊኒክ ይሂድ እንጂ «ብርድ ነው» ብሎ አይቀመጥ።

ውሃ መተዉም ቢሆን አያዋጣም። የወፈረ ሽንት ፊኛን ይቆጠቁጣል፤ ጭራሽ ቶሎ ቶሎ ያሰኛል። ሆድም ይደርቃል። ድርቀት ያማስጣል፤ ማማጥ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው።

ምክንያቱም ፊኛን ከታች የሚሸከሙት ከዳሌ አጥንት ሥር እንደ አልጋ ጠፍር የተወጠሩ ጡንቻዎች ናቸው። ማማጥ፣ ወሊድ፣ የዘወትር ከባድ ሸክምና የማያባራ ሳል (አጫሾች ልብ በሉ!) ይህን ጠፍር ያረግቡታል። ያኔ ሲያስሉ ወይም ሲስቁ ሽንት ያመልጣል። ስንት እናቶቻችን ይህን ደብቀው ይኖራሉ! አሜሪካዊው የማህፀን ሐኪም አርኖልድ ኬግል ግን ይህ ጡንቻ በልምምድ እንደሚጠነክር በ1948 እ.ኤ.አ. ጽፈዋል። ፈስ እንደሚያፍን ሰው ጨብጦ 5 ሰከንድ ያህል መያዝ፣ ከዚያ መልቀቅ፤ 10 ጊዜ መደጋገም፤ ይህንኑ በቀን 3 ጊዜ ማድረግ ነው። ለውጡ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ ትዕግሥት ይጠይቃል። እዚህ ጋዜጣ ፊት ቆማችሁ ብትሞክሩት እንኳ ማንም አያውቅባችሁም።

የተማሪዎቹ ነገርስ? የ7 ዓመት ልጅ ፊኛ የሚይዘው የእኛን ግማሽ ያህል ነው። «ቲቸር ልውጣ?» ሲለን ሊጫወት ነው ብለን እንጠረጥራለን፤ አንዳንዴም እውነት ነው። በልምምዱ ወቅት ከመካከላችን አንዳችን አንዱን ልጅ «እስኪደወል ቆይ» አልነው። ወንበሩ ላይ አመለጠው፣ ጓደኞቹም ሳቁበት። በማግስቱ ትምህርት ቤት አልመጣም።