በኢንተርኔት የቼዝ ገበታ ስለ ጀማሪዎች ጨዋነትና ብልግና

ማናቸውም የገበታ ጨዋታ ሁለት ዓይነት ሥርዓት አለው። አንደኛው ሕግ ነው፤ ሁለተኛው ወግ ነው። ሕግ ፈረስ እንዴት እንደሚዘል ይወስናል፤ ወግ ግን የተሸነፈ ሰው ከገበታው እንዴት እንደሚነሣ፥ ያሸነፈውም ደስታውን እንዴት እንደሚገታ ያስተምራል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ሕጉ ያለ ወጉ ሲተላለፍ የሚሆነውን ነው። ለምሳሌነት የመረጥነው የማይተዋወቁ ሰዎች ከየአገራቸው ሆነው በኢንተርኔት የሚጫወቱት ቼዝ ነው።

በዚህ ጨዋታ ለእያንዳንዱ ተጫዋች የተወሰነ ጊዜ፥ ለምሳሌ 10 ደቂቃ፥ ይሰጠዋል። በተጫዋቾች ዘንድ እንደ ነውር ከሚቆጠሩት ነገሮች ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፤

ሀ) መሸነፉን ያወቀ ሰው እጁን ሳይሰጥ፥ ጠጠርም ሳያነሣ፥ የቀረውን 5 ወይም 6 ደቂቃ በዝምታ ማስፈጀቱ፤

ለ) ጨዋታውን በመካከል ጥሎ መጥፋቱ፤

ሐ) አሸናፊው ጨዋታውን መፈጸም ሲቻለው ወታደሮቹን አንድ በአንድ ወደ ንግሥትነት እየለወጠ በተሸናፊው ማላገጡ፤

መ) በመልእክት መስጫው ስድብ መጻፉ።

ከእነዚህ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በማንም ዘንድ ብልግና ናቸው። ጀማሪው ግን ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ብልግና ባልሆነ ነገር ነው። በታላላቅ ተጫዋቾች ልማድ ተስፋ የሌለውን ጨዋታ ማስረዘም የባላጋራን ችሎታ መናቅ ይመስላል። በጀማሪዎች መካከል ግን አሸናፊው ራሱ ይሳሳታል፤ የተሸናፊው ንጉሥ ሳይጠቃ የሚሄድበት ቢያጣና ሌላም የሚያንቀሳቅሰው ጠጠር ባይኖረው ሕጉ ጨዋታውን እኩል ይለዋል። ስለዚህ እስከ መጨረሻው የሚታገለው ጀማሪ ባላጋራውን አልናቀም፤ ተስፋውን አልቆረጠም እንጂ። አንዱ ሥራ በሁለት ማኅበር ዘንድ ሁለት ፍርድ ያገኛል ማለት ነው።

ይህ ልዩነት በአገራችን ሰንጠረዥ ይበልጥ ይገለጣል። የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን ከሞተ በኋላ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1868 በታተመው መጽሐፉ ስለዚህ ጨዋታ ጽፏል፤ ሪቻርድ ፓንክረስትም በ1971 ታሪኩንና ሥርዓቱን መርምሯል። በሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ ወረራ የሚባል ክፍል ነበረ፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪያዝ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሱ ነበር። ተመልካቾቹም በዙሪያው ተቀምጠው ምክራቸውን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይሰጡ ነበር። የዛሬው የቼዝ ውድድር ይህን ሁሉ ስሕተትና ነውር ይለዋል። በሌላ በኩል ሰንጠረዥ ቼዝ የተወውን የአሸናፊን ክብር ይመዝን ነበር። በኃይለኛ ጠጠር ንጉሡን መያዝ እምብዛም አያስመሰግንም፤ በደካሞቹ መያዝ ግን ያስከብራል። ንጉሡም ብቻውን ቢቀር ጨዋታው እኩል ይባላል። እንግዲህ ባላጋራውን አራቁቶ የሚያላግጥ ሰው ድሉን ያጣ ነበር።

ከዚህ የምንረዳው ወግን ይጠብቅ የነበረው ተጫዋቹ ብቻ እንዳልነበረ ነው። በገበታው ዙሪያ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ያመሰግናል፥ ይነቅፋል፤ አዲሱም ተጫዋች ገና ጠጠር ሳይነካ አይቶና ሰምቶ ይማራል። በኢንተርኔት ይህ ዙሪያ የለም። ጀማሪው የባላጋራውን ፊት አያይም፤ የሚገሥጸው ታላቅም አጠገቡ የለም። ሕጉንስ መሣሪያው ራሱ ያስጠብቅለታል፤ ያልተፈቀደ እርምጃ ቢሞክር ይከለክለዋል። ወጉን ግን ከየት ያገኛል?

በ2010 የተመሠረተው ሊቼስ ጨዋታ እየጣለ የሚወጣውን ለጊዜው ከመጫወት ያግደዋል፤ መልእክት መስማት የማይፈልግም ሰው መልእክቱን መዝጋት ይችላል። ይህ ጠቃሚ ነው። ነገር ግን ቅጣት የሚያስተምረው መፍራትን እንጂ ማፈርን አይደለም፤ የመልእክቱም መዘጋት ከስድቡ ጋር ምክሩን ያስቀራል። እንግዲህ ስለ እንዲህ ያሉ ማኅበራት የሚያጠና ሰው ጀማሪውን ባለጌ ብሎ ከመመዝገቡ በፊት፥ ወጉን ማን አስተማረው ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። መልሱ ማንም የሚል ከሆነ ጉድለቱ የጀማሪው ብቻ ሳይሆን የማኅበሩም ነው።