አሮጌ ትራክተር ስትገዙ ሰዓት ቆጣሪውን አትመኑ

«4,000 ሰዓት ብቻ የሠራ ማሴ ፈርጉሰን 135 አገኘሁ፤ ልግዛው?» የሚል ጥያቄ ይደጋገምብኛል። ይህ ሞዴል እንግሊዝ ውስጥ መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው፤ ለእንዲህ ያለ አሮጌ ትራክተር 4,000 ሰዓት ያጠራጥራል። ሰዓት ቆጣሪው በገመድ የሚሽከረከር ስለሆነ ገመዱ ከተበጠሰ ሞተሩ እየሠራ ቁጥሩ ይቆማል፤ በሌላ ተቀይሮም ሊሆን ይችላል። አዲስ ቀለምማ ሻጩ ቀለም መግዛቱን እንጂ ሌላ አያስረዳም። የሚታመነው ማስረጃ ቀዝቃዛ ሞተር ነው። ከመነሳቱ በፊት በእጃችሁ ዳስሱት፤ ከሞቀ ቀድሞ ተነስቷልና ሌላ ቀን ተመለሱ። ሲነሳ ለአፍታ የሚታይ ነጭ ጭስ አያስደነግጥም፤ ሰማያዊው አልጠፋ ካለ ግን ዘይት እየተቃጠለ ነው። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል።

«መለዋወጫ ሞልቷል፣ ሞተሩ ይታደሳል» ለሚሉኝ፦ ልክ ናችሁ፣ ለዚህም ነው እኔ ከሞተሩ ይልቅ የኋላው ክፍል፣ ካምቢዮውና ሃይድሮሊኩ፣ የሚያሳስበኝ። ይህ ትራክተር ለብቻው የቆመ ሻንሲ የለውም፤ ሞተሩና ካምቢዮው ተያይዘው ራሳቸው አካሉ ናቸው። ፍሪሲዮን ለመቀየር እንኳ መሀሉ ላይ ለሁለት መከፈል አለበት። ስለዚህ ግቢ ውስጥ መንዳት አይበቃም፤ ማረሻ አስራችሁ እርሻ ላይ ሞክሩት። ጭነት ሲበዛበት ማርሹ ይዘላል? ማረሻውን አንስታችሁ ሞተሩን ስታጠፉ ቀስ ብሎ መውረዱ የዕድሜ ነው፤ ወዲያው ከወደቀ ግን የሃይድሮሊኩን ጥገና ከዋጋው ላይ አስቀንሱ።

በሊብሬው ላይ ያለው ቁጥር ከትራክተሩ ጋር ካልገጠመ ቀብድ አትክፈሉ። ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልኝ።